በእጥፍ መደብ 11 ሳምንት ሙሉ አልተበላሁም፤ የእቁብ ብሬን ልጨምርበት?

ባለሦስት_እግር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። ብዙ ጊዜ ከመናኸሪያ ፒያሳ ነው የምሠራው። ስለ ቤቲንግ ምክር ፈልጌ ነው። «ተወው» የሚለውን ምክር እናቴም ሰጥታኛለች፤ እሱን አትድገሙብኝ።

ሲስተሜ ቀላል ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው የምቆርጠው። ኦቨር 2.5 (ጨዋታው ላይ 3 ጎልና ከዚያ በላይ ሲገባ የሚበላ)፣ ኦዱ 1.90 የሆነ (ሲገባ ለ1 ብር 1.90 የሚከፍል)። በ50 ብር እጀምራለሁ። ከገባ ዙሩ አለቀ፣ በቃኝ። ከተቃጠለ ቀጣዩን በ100። ከዚያ 200፣ 400፣ 800 እያልኩ አጥፋለሁ። መቼም አንዱ መግባቱ አይቀርም። ሲገባ የቀደመውን ሁሉ መልሶ ትርፍ ይጨምርልኛል። ለዚህ ብዬ 13 ሺህ ብር ለብቻው አስቀምጫለሁ። 8 ጊዜ ለማጠፍ ይበቃል። 8 ጊዜ ተከታትሎ ሲቃጠል ደግሞ እስካሁን አላየሁም።

11 ሳምንት ሆነኝ። አንድም ዙር አልተበላሁም። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ (ከፊት ቤቲንግ፣ ከኋላ የነዳጅ ሂሳብ)።

እሁድ እቁብ ይደርሰኛል፣ 40 ሺህ። ሐሳቤ መነሻውን ከ50 ወደ 150 ማሳደግ ነው። ትርፉም ሦስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሲስተሙ ላይ ቀዳዳ የሚያይ ካለ ይንገረኝ። ግን በሂሳብ።

—

አምባዛ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

እኔም ሲስተም ነበረኝ ወንድሜ። አሁን ሲስተሙ አለ፣ ሞባይሉ የለም።

—

ሲስተም77
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እንደ አምባዛ ያለውን አትስማ። በስሜት የሚቆርጥ ሰው ይከስራል፤ አንተ ግን ዲሲፕሊን አለህ። 11 ሳምንት ቀልድ አይደለም። እኔ ብሆን 150 ሳይሆን በ100 እጀምርና ቀስ እያልኩ አሳድጋለሁ። አንድ ምክር ብቻ፤ ሁለት ሦስት ኦቨር ተከታትሎ እስኪቀር ጠብቀህ ግባ። ያኔ ተራው ደርሷል።

—

ቲቸር_ሒሳብ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

«በሂሳብ» ስላልክ ደስ ብሎኛል። ወረቀት ያዝ፤ የራስህን ቁጥር እንጻፍ።

1ኛው ላይ ከገባ 50 አውጥተህ 95 ትቀበላለህ። ትርፍህ 45 ብር።
2ኛው ላይ ከገባ በድምሩ 150 አውጥተህ 190 ትቀበላለህ። ትርፍ 40።
3ኛው ላይ፦ 350 ወጪ፣ 380 ገቢ። ትርፍ 30።
4ኛው ላይ፦ 750 ወጪ፣ 760 ገቢ። ትርፍ 10 ብር።
5ኛው ላይ፦ 1,550 ወጪ፣ 1,520 ገቢ።

አምስተኛውን ደግመህ እየው። ገባልህ፣ ጨፈርክ፣ ጓደኞችህን ሻይ ጋበዝክ። 30 ብር ከስረሃል! 6ኛው ላይ ሲገባ 110 ብር ትከስራለህ። 8ኛው ላይ ሲገባ 590። ልብ በል፣ የማወራው ስለ ገባ ትኬት ነው።

«ሲገባ የቀደመውን ሁሉ ይመልሳል» የሚለው ነገር ሁልጊዜ የሚሠራው ኦዱ 2.00 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። የአንተ 1.90 ነው። ከብር ላይ የጎደለችው 10 ሳንቲም ናት የቤቱ እንጀራ። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። እሱን እዚህ ሂሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኦቨሩ ግማሽ በግማሽ ይገባል እንበል። 50ዋን በየዙሩ ታስገባለህ። 100ዋን ከሁለት ዙር በአንዱ፣ 200ዋን ከአራት ዙር በአንዱ፣ 400ዋን ከስምንት ዙር በአንዱ። እያንዳንዱ ደረጃ በአማካይ 50 ብር ነው የሚያስወጣህ። 8 ደረጃ ስላለህ በአንድ ዙር በአማካይ 400 ብር ታስገባለህ። ከሁለት ብር አንዱ ብቻ ገብቶ 1.90 ከመለሰ፣ ለአንድ ብር በአማካይ 95 ሳንቲም ነው የሚመለስልህ፤ ቤቱ በዚህ ኦድ ከምታስገባው ላይ 5 በመቶ ያስቀራል። ስለዚህ በየዙሩ 20 ብር ትከስራለህ ማለት ነው።

«እኔ ግን እያተረፍኩ ነው» ትለኛለህ። ልክ ነህ። ማጠፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ኪሳራውን ከየቀኑ ላይ ሰብስቦ አንድ ቀን ላይ ያከማቸዋል። እቁብ ታውቃለህ አይደል? ይሄ የተገላቢጦሽ እቁብ ነው። በየቀኑ 45፣ 40፣ 30 እያለ ሲሰጥህ ይከርማል። ዕጣው የወጣ ዕለት ጠቅላላውን የምትከፍለው አንተ ነህ፣ 12,750 ብር። ዕጣው የሚወጣውም በአማካይ ከ256 ዙር አንዴ ነው። የቱ ዙር እንደሆነ ግን አይነገርህም።

የእቁቡን ብር በተመለከተ፦ በ150 ብትጀምር 8 ደረጃ 38,250 ብር ይፈጃል። ዕጣው ያው 1 ከ256 ነው፤ ጉድጓዱ ግን ሦስት እጥፍ ጠለቀ። «በ50 ልቀጥልና እቁቡን ለመጠባበቂያ ልያዘው» ብትል ደግሞ ከ13 ሺህህ ጋር 53 ሺህ ይሆናል። 10ኛው ደረጃ ላይ 51,150 ያልቃል። የ40 ሺህ ብር እቁብ የሚገዛልህ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው።

—

ባለሦስት_እግር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ቲቸር አመሰግናለሁ። አምስተኛው ላይ ያሉትን ሳየው ደነገጥኩ፤ ደብተሬን ማታ አያለሁ። ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። 7 ጊዜ ከተቃጠለ በኋላ 8ኛው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል እኮ። ሁልጊዜ እኩል ነው ሲሉኝ ሆዴ እሺ አይለኝም። ሲስተም77 እንዳለው ተራ የሚባል ነገር አለ።

—

ቲቸር_ሒሳብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ተራ ያለው መናኸሪያ ነው። እዚያ ተራ አስከባሪ አለ፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ያውቃል። እሁድ ማታ ጣሊያን ውስጥ ለሚጫወት ቡድን ሐሙስ ዕለት የአንተ ትኬት መቃጠሉን ማን ይነግረዋል?

«ተራው ደርሷል» ብሎ የከሰረ በጣም ታዋቂ ቤት ሙሉ ሰው አለ። ሞናኮ ያለው የሞንቴ ካርሎ ካዚኖ (ቁማር ቤት) ነው፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913። ሩሌቱ (ቀይና ጥቁር ቁጥር ያለበት የሚሽከረከር መንኮራኩር) ላይ ኳሷ ጥቁር ላይ ታርፋለች፣ ደግማ ጥቁር፣ ደግማ ጥቁር። አሥራ አምስት ገደማ ሲደርስ ሰው ሁሉ «አሁንስ ቀይ ነው» እያለ ብሩን ቀይ ላይ ይከምር ጀመር። ሲቃጠልበት ያጥፋል፣ እንደ አንተ። 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ወጣ። 27ኛው ላይ ቀይ ሲመጣ ኪሱ የተረፈ ሰው ጥቂት ነበር።

እኔ ክፍል ውስጥ የምሠራው ነገር አለ። ተማሪዎቹን ለሁለት እከፍላለሁ። ግማሾቹ ሳንቲም 100 ጊዜ ወርውረው ዘውድ ወይም ጎፈር እያሉ ይጽፋሉ። (ዘውዱ ከሳንቲሙ ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ቃሉ ግን አልቀረም።) የቀሩት ሳይወረውሩ ከጭንቅላታቸው ይጽፋሉ። እኔ ውጭ እቆያለሁ። ስመለስ የትኛው የእውነት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አውቃለሁ። ከጭንቅላቱ የሚጽፈው ልጅ ሦስት ዘውድ ከተከታተለ በኋላ እጁ ይፈራል፣ ጎፈር ይጽፋል። የእውነቱ ወረቀት ላይ ግን አምስት ስድስት ተከታታይ አለ። ከ100 ውርወራ ውስጥ አንድ ዓይነት 6 ጊዜ ተከታትሎ የመውጣት ዕድሉ 80 በመቶ አካባቢ ነው። ሆድህ እሺ ያላለው ለዚህ ነው፤ ሆድ እንደነዚያ ልጆች ነው የሚጽፈው።

—

የድሮ_ካሸር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እኔ ሁለት ዓመት ውርርድ ቤት ካሸር ነበርኩ። የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም።

እንደ ባለሦስት እግር የሚያጥፍ ሰው ሲመጣ የሚደነግጥ አልነበረም። አለቃችን እንዲያውም ይወዳቸው ነበር፤ «ደሞዝተኞቼ» ነበር የሚላቸው። 50 ሲያስገባ ፈገግ ይላል። 400 ሲደርስ መቀመጥ ያቆማል። 1,600 ላይ ብሩን በሁለት ሰው ስልክ አዋጥቶ ነው የሚመጣው። ፊቱን አይቼ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር።

ግን ቤቱን የሚያኖረው እሱም አይደለም። ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ከ10 ጨዋታ በታች የሚቆርጥ የለም ማለት ይቻላል። በ10 ብር 6,000 ይበላል፣ ማን ይጠላል? ይኸው ቲቸር እንዳሉት በሂሳብ ልሥራላችሁ። እያንዳንዱ ጨዋታ ግማሽ በግማሽ፣ ኦዱ 1.90። አሥሩም እንዲገቡ ዕድሉ 1 ከ1,024 ነው። ስለዚህ ለ10 ብርህ የሚገባህ ክፍያ 10,240 ነበር። ቤቱ የሚሰጥህ ግን 6,131 ብር ነው። የቀረው 4,109 ያንተ አልነበረም? በአንድ ጨዋታ 5 በመቶ የነበረችው የቤቱ ድርሻ አሥር ጊዜ ተባዝታ 40 በመቶ ሆነች። ሰው ደግሞ «በአንድ ጨዋታ ተቃጠለብኝ» ብሎ ግብ ጠባቂውን ይሰድባል።

ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው የገቡትን ትኬቶች ነበር። የተቃጠሉት ወለሉ ላይ ናቸው። ማታ ስንዘጋ በመጥረጊያ ሰብስበን በማዳበሪያ ነበር የምናወጣቸው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ሆነ።

—

አምባዛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

የኔ ሞባይል ከሁለተኛው ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

—

ሲስተም77
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

እሺ ማጠፍ ይከብዳል እንበል። ሌላ ሲስተም አለ እኮ፤ ዳላምበርት ይባላል። ሲቃጠል አንድ መደብ ትጨምራለህ፣ ሲገባ አንድ ትቀንሳለህ። በስንት ትልቅ ሊቅ ስም የተሰየመ ነው። ፊቦናቺም አለ፤ ሲቃጠል የቀደሙትን ሁለት መደቦች ደምረህ ታስገባለህ። ሁሉንም በአንድ ላይ መኮነን ልክ አይደለም።

—

የአዳማ_ነፋስ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ከአዳማ ነኝ፤ እዚህም ያው ወሬ ነው፣ የእናንተው ሐይቅ ብቻ ነው የጎደለን።

ዳላምበርት ሊቅነቱ እውነት ነው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ። ግን በ1754 ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? ሳንቲም ሁለት ጊዜ ብትወረውር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድሉ 2 ከ3 ነው አለ። ትክክለኛው 3 ከ4 ነው። የቁማር ሲስተም በሱ ስም የሰየመው ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት።

ሲስተሞቹ ሁሉ የሚለያዩት መደቡን በምን ቅደም ተከተል እንደምትጨምር ብቻ ነው። ስንት ብር መቼ እንደምታስገባ ትወስናለህ፤ ኦዱን ግን የሚጽፈው ቤቱ ነው። ከእያንዳንዱ ብር 5 ሳንቲም የሚቀር ከሆነ ብሩን በፈለግከው ሰልፍ አሰልፈው፣ ቀራጩ በር ላይ ቆሟል።

ቲቸር፣ እኔም ግን ጥያቄ አለኝ። ቁማርን በሂሳብ ያሸነፈ ሰው አለ ይባላል። ውሸት ነው?

—

ቲቸር_ሒሳብ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ውሸት አይደለም። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ የሂሳብ ሊቅ ነው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ። ያሸነፈው ግን ብላክጃክን ነው፣ ካርታ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ካርታ አንዴ ከወጣ ተመልሶ እስኪበወዝ ድረስ የለም። አራቱም አስ ከወጡ አምስተኛ አስ አትጠብቅም። ስለዚህ የወጣውን የቆጠረ ሰው የቀረውን ያውቃል፤ ዕድሉ ወደሱ ሲያጋድል መደቡን ይጨምራል። መደብ መጨመሩ ሳይሆን መቼ እንደሚጨምር ማወቁ ነው ያሸነፈው። ካዚኖዎቹም ዝም አላሉም፤ ካርታውን አብዝተው ቶሎ ቶሎ መበወዝ ጀመሩ፣ ቆጣሪ ነው ያሉትንም ያስወጣሉ።

ሩሌት ላይ ግን የሚወጣ ካርታ የለም። 37 ቁጥር ነው፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ ዜሮ። ዜሮዋ ስትመጣ ቀይ ላይም ጥቁር ላይም ያስገባ ይከስራል። የካዚኖው ሀብት በሙሉ እሷ ናት፣ 2.7 በመቶ። ከአንተ ኦቨር ቤቱ የሚወስደው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ሞንቴ ካርሎ ከፒያሳ ይረክሳል ማለት ነው።

ቶርፕ ይጠቀምበት የነበረ ቀመር አለ፤ ኬሊ የሚባል መሐንዲስ በ1956 ያወጣው። ካለህ ብር ስንት እጁን ማስገባት እንዳለብህ ይነግርሃል። ባለሦስት እግር፣ የአንተን ቁጥር አስገባሁበት። ግማሽ በግማሽ ዕድል፣ 1.90 ኦድ። መልሱ ከዜሮ በታች 5.6 በመቶ ነው። «ቤቱን ሁን» ማለቱ ነው።

—

እህተ_አቶቴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ቲቸር የጻፉትን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ደወለልኝ። «እቴቴ 6,400 ብር አበድሪኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» አለኝ። ቁጥሩ ገረመኝ። ሰው 6,000 ይላል፣ 6,500 ይላል። «ለምንድነው 6,400?» ብለው «የዕቃ ዋጋ ነው» አለኝ። አምኜ ላክሁለት።

አሁን ወረቀት ላይ 50፣ 100፣ 200 እያልኩ ጻፍኩ። 8ኛው 6,400 ነው።

—

ባለሦስት_እግር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡22

እህቴ ይቅርታ ልጠይቅሽና፣ ገባለት?

—

እህተ_አቶቴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡40

ገባለት። በማግስቱ 6,400ውን ልኮልኝ፣ ዓሣ ጋበዘኝ። አሞራ ገደል ወርደን ጥብሱን በላን። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ «ከመሬት ነው የተነሳሁት» ሲለኝ ስለ ዕቃው ይመስለኝ ነበር። በቲቸር ስሌት ያን ቀን 590 ብር ከስሮ ነው የሚጨፍረው። ዓሣውን ሳይጨምር።

ቢቃጠልበት ይሻል ነበር እያልኩ ነው። ስለገባለት ሲስተሙን አመነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ አልጽፈውም፤ እናታችንም ስልክ ታነባለች።

—

ባለሦስት_እግር
ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6፡10

ደብተሩን ቆጠርኩት። ገቢ ካስገባሁ በኋላ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት።

74 ዙር ተጫውቻለሁ። 1ኛው ላይ የገባ 38 ጊዜ። 2ኛው ላይ 19። 3ኛው ላይ 9። 4ኛው ላይ 5። 5ኛው ላይ ሁለቴ፣ 6ኛው ላይ አንዴ። ትርፌ 2,620 ብር ነው። በ11 ሳምንት። በሳምንት 238 ብር። እኔ በጭንቅላቴ 5 ሺህ ያለፈ ይመስለኝ ነበር።

ያ 6ኛው ላይ የገባው ትዝ ይለኛል። ጨዋታው የተጠናቀቀው ሌሊት ነው፣ ሦስተኛዋ ጎል በባከነ ሰዓት። ከአልጋ ዘልዬ ተነስቼ ልጄን ቀሰቀስኳት። ደብተሬ ላይ «በላሁ!!!» ብዬ ሦስት ቃለ አጋኖ አድርጌበታለሁ። አሁን ደመርኩት፤ 3,150 አስገብቼ 3,040 ተቀብያለሁ። ለ110 ብር ኪሳራ ነው ልጅ የቀሰቀስኩት።

ቲቸር፣ ግን 74 ዙር አንዴም ሙሉ አለመበላቴ ምንም ማለት አይደለም?

—

ቲቸር_ሒሳብ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። 8 ተከታታይ ሳይገጥመው 74 ዙር የማለፍ ዕድል 75 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሀዋሳ ውስጥ አራት ሰው እንዳንተ ቢጫወት፣ ዛሬ ሦስቱ «ሲስተሜ ይሠራል» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አራተኛው አይጽፍም። እኛ የምናነበው የሦስቱን ነው።

በነገራችን ላይ ደብተር መያዝህ ግሩም ነው። ተማሪዎቼ ይህን ያህል አይጽፉልኝም።

—

ሲስተም77
ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡30

እኔ ግን አሁንም ዲሲፕሊን ያለው ሰው ያተርፋል ባይ ነኝ። ሰው ሁሉ እኩል አይደለም።

—

የድሮ_ካሸር
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡00

አለቃችንም እንደዚያ ይል ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ።

—

ባለሦስት_እግር
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡45

እቁቡ ዛሬ ነበር። ብሩን አልተቀበልኩም። አብሮን የሚጥል አንድ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ ብር ጎድሎት ስለነበር ተራ ተቀያየርን። የኔ አሁን ከመስቀል በኋላ ነው። ዳኛው «ምን ነካህ፣ የደረሰህን ብር የምትሰጠው?» አለኝ። ብሩ እጄ ላይ ካለ ራሴን አላምነውም አልኩት።

13 ሺህዋን ለሚስቴ ሰጠኋት። ከየት አመጣኸው አላለችኝም። ታውቅ የነበረ ይመስለኛል።

—

አምባዛ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡50

ደብተሩንስ? ታቃጥለዋለህ?

—

ባለሦስት_እግር
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡58

እንዴት አቃጥለዋለሁ፣ ከኋላው የነዳጅ ሂሳብ አለበት እኮ።